ሁለት ሚስማር

ያን እሑድ ጠዋት፣
ቄስ ሃልፍዳን ሲያነብ ስለ ሰናፍጭ ቅንጣት፣
ተራራን ስለምታነቃንቅ ስለ ትንሿ እምነት፣
ሁላችን በመስኮት ቀና ብለን አየን፤
ግሮናሳ ቆሟል፣ ጭጋጉን ለብሶ፣ ከአናታችን።
አልሳቅንም፤ አሜንም አላልን።
በእኛ መንደር ጸሎቱ ሁሉ ግልባጭ ነው፦
«ጌታ ሆይ፣ ይህን ተራራ ባለበት አቁመው፤
ከመካከላችን ያን ያህል እምነት ያለው ሰው ካለም፣
እባክህ፣ ዝም አሰኘው።»

ተራራው ይሄዳልና፣ ማንም ሳያዘው፣
በዓመት አራት ጣት፣ ወደ ውሃው።
አናቱ ላይ ስንጥቅ አለ፣ በግ የሚውጥ አፍ፤
ከሥሩ ጥቁር ባሕር፣ በሁለት ገደል መሃል የገባ እጥፍ።
ያ ድንጋይ ቢወድቅ፣ ውሃው እንደ ግድግዳ ተነሥቶ፣
የዓሣ ማድረቂያውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የሙታኑን መስቀል አንሥቶ፣
በአሥር ደቂቃ ይመለሳል፣ ባዶ ጠጠር ትቶ።

ይህን የምትለካ እኅቴ ናት፣ ሲግኔ፤
ድንጋይ የተማረች። ደወል ደዋዩ እኔ፤
ገመዱን ወረስኩ ከአባቴ፣ ውጋቱንም በጎኔ።

አሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ በእራት ገበታ፣
«ስድስት ቀን ነው ያልከኝ» አለችው፣ ማንኪያዋን አኑራ በእርጋታ፤
«ይህ ድንጋይ ግን ከሺህ ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው፣ አባባ።»
አባቴ ዓሣውን ከአጥንቱ ለየ። አልመለሰላትም።
እሷም ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን አልገባችም፤
እሱም ነዪ አላላትም።
ቂም አልነበረም፤
ከነበረም፣ ድንች ሲቀባበሉ አይታይም።

በሞተ በወሩ ሣጥኑን ስከፍት፣
መጽሐፍ ቅዱሱን አገኘሁት፣ ጀርባው የተላጠ፣ የዓሣ ዘይት የወዛበት።
ከመዝሙሮቹ ጎን፣ በኅዳጉ፣ ደቃቅ የእርሳስ ጽሕፈት፦
«ግንቦት ሦስት። ከሚስማር ሚስማር ዘጠና አራት። በረዶው ቀልጧል።»
ሌላ ገጽ፣ ሌላ ዓመት፦ «መቶ አንድ። ጭልፊት አየሁ።»
ለካስ በየፀደዩ፣ በግ ፍለጋ ብሎ ሲወጣ ያ ሽማግሌ ነገር፣
በስንጥቁ ግራና ቀኝ መትቷል ሁለት ሚስማር፤
በመካከላቸው የመረብ ክር፤
ሠላሳ ስምንት ዓመት የተራራውን እርምጃ ሲቆጥር።
ወረቀት አጥቶ ነው? አላውቅም።
ተራሮች ወደ ባሕር ስለሚወርዱበት፣ ሰው ግን ስለማይፈራበት መዝሙር፣
እፈራለሁም አልፈራምም አላለም፤
«ሰባት ሳንቲሜትር» ይላል፣ «በአንድ ክረምት። ለሲግኔ ይነገር።»
አልተነገራትም።

ወሰድኩላት፣ መሣሪያዋ ወዳለበት ጎጆ፣ ሦስት ሰዓት በእግር።
ጓንቷን አውልቃ ገጽ በገጽ ገለጠች፣
ቁጥሩን ወደ ኮምፒውተሯ እየገለበጠች፤
ቁጥር ስትፈልግ ግን ቃሉም ዐይኗ ገባ፤ አነበበች፣
ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ።
አመነች አልልም። ዐይኗ ረጥቧል፤ እዚያ ላይ ብርዱም ያስለቅሳል።
«በመረብ ክር!» አለችኝ። «በመረብ ክር ለክቶ፣
ስሕተቱ ከጥፍር አይበልጥም።»

ኅዳር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። ዝናብ።
ሲግኔ ደወለች።
«አሁን» አለች፤ ሌላ አልጨመረች።
እኔም ደወልኩ።
እሷ በስልክ፣ እኔ በገመድ፤ በቋንቋችን ሁለቱም አንድ ግስ ነው።
ሰዉ በሌሊት ልብሱ ወጣ፣ ድመቱን በጉያው፣
አሮጊቷን ቶርቦርግን በዓሣ ጋሪ ጭኖ፣ ወደ ላይኛው መንገድ።

ሊነጋጋ ሲል ግሮናሳ አንድ ትከሻውን ጣለ።
ውሃው መጣ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሦስተኛ ደረጃ ነካ፣
የባሕር ሣር ትቶ ሄደ።
«ተአምር ነው» አለ ቄስ ሃልፍዳን፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ።
ሲግኔ ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤
አዛጋች።
ሾርባውን ከአንድ ክዳን ተቀባበሉ።

አንዱ ሚስማር ባሕር ገብቷል።
ሌላው እዚያው አለ፣ ዝጎ፤
የተቆረጠው ክር በነፋስ ይወዛወዛል፣
ወዲያ ማዶ የሚይዘው ያለ ይመስል።